14 ዓመት የወረወርኩትን ዮዮ ልሽጠው ወይስ ልግፋበት?

«ሰላም ጋሼ፣

የዓምድዎ የቆየሁ አንባቢ ነኝ። 27 ዓመቴ ነው። የምኖረው ቨርጂንያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። በአንድ ሆስፒታል የማታ ፈረቃ ነርስ ነኝ። ሰው ስለ ትዳርና ስለ መኖሪያ ወረቀት በሚጽፍልዎ ዓምድ ላይ ይህን መጠየቅ ያሳፍረኛል። ጥያቄዬ ስለ ዮዮ ነው።

በ13 ዓመቴ አንድ የክፍሌ ልጅ የፕላስቲክ ዮዮ ሰጠኝ። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልታየኝም። በቀን አራት ሰዓት እወረውር ነበር። ውድድር ገብቼ አንዴ ለፍጻሜ ደርሻለሁ። አሁን 31 ዮዮ መሳቢያ ሙሉ አለኝ። የማነሳው ግን በሳምንት አንዴ፣ ያውም ለ10 ደቂቃ ነው። አዲስ ትሪክ ከተማርኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። የ15 ዓመት ልጆች ዩቲዩብ ላይ የሚሠሩትን ሳይ እጄ የኔ አይመስለኝም። እናቴ ‹ዛሬም ከዚህ ነገር ጋር ነህ?› ትለኛለች። የእህቴ ልጅ ደግሞ 8 ዓመቱ ነው። መሳቢያውን ክፈትልኝ እያለ ያስቸግረኛል። እንዳይጥልብኝ ስለምፈራ አልከፍትለትም።

ሁሉንም ሽጬ ልገላገል? ወይስ እንደ ድሮው ሰዓት መድቤ ልግፋበት?

የላላ ክር ነኝ።»

ወንድሜ፣

ማፈሩን ተወው። ሰው 14 ዓመት ሙሉ እጁን ያሠለጠነበት ነገር ትንሽ ነገር አይደለም። ደግሞ የጻፍከው ለማያውቀው ሰው አይደለም። እኔም ወርዋሪ ነኝ።

ወደ ዋሽንግተን የመጣሁት በ1998 ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ።) ያኔ 16 ዓመቴ ነበር። እንግሊዝኛው ገና አፌን አልፈታልኝም። ትምህርት ቤቱ ውስጥ ግን ልጅ ሁሉ እጁ ላይ ዮዮ ነበር። ዮዮ ለመወርወር ቋንቋ አያስፈልግም። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ያያል፣ ከዚያ «እስቲ አንተ» ብሎ በአገጩ ያመለክትሃል። በዚህ አገር የመጀመሪያውን ጓደኛ ያገኘሁት እንደዚያ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ እናቴ ከደብረ ብርሃን መጣች። አንድ እሑድ ሳሎን ውስጥ ስወረውር ክሩ እምቢ አለኝ። ትንሽ ባላላሁት ቁጥር በራሱ ላይ እየተጠመዘዘ ትንንሽ ቀለበት ይሠራል። ዮዮው እዚያ ቀለበት ውስጥ እየተጠለፈ ቀጥ ይላል። እኔ ዕቃው ተበላሸ ብዬ ኩሽኔታውን ልፈታ ነው። እናቴ የቡና ስኒዋን አስቀመጠች። «አምጣው እስቲ» አለችኝ።

የክሩን ማጥለቂያ ከጣቴ አወለቀች። ጫፉን በሁለት ጣቷ ይዛ ዮዮውን ቁልቁል ለቀቀችው። ዮዮው ተንጠልጥሎ በራሱ መዞር ጀመረ። መጀመሪያ በፍጥነት ዞረ። ከዚያ ቀስ አለ። ቆመ። ትንሽ ወደ ኋላ ተመለሰና እንደገና ቆመ። ክሩ እንደ ቱምቢ ቀጥ አለ።

«ከርሮ ነው እንጂ ምንም አልሆነም» አለችኝ። «ለድር ቢሆን ደግ ነበር። ላንተ ግን በዝቷል።»

እናቴ ባዘቶና እንዝርት ይዛ ያደገች ሴት ናት። ለድር የሚሆን ክር ከረር፣ ለማግ የሚሆነው ላላ ማለት እንዳለበት ጣቷ ያውቃል። ዮዮ በእጇ ይዛ አታውቅም ነበር። ግን ዮዮ ምንድን ነው? ክር ላይ የተንጠለጠለ የሚሽከረከር ክብደት ነው። እሷ ስታየው እንዝርት ነው ያየችው። በወረወርከውና በያዝከው ቁጥር ክሩ ላይ ጥምዝ ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። ይህን አንተም ታውቀዋለህ። ይሁንና እኔ ከዚያ ቀን በፊት ክሩን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ዓይኔ ዮዮው ላይ ብቻ ነበር።

ይህን ያመጣሁት በምክንያት ነው። «የላላ ክር ነኝ» ብለሃል። ደብዳቤህን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኔ ያየሁት የከረረ ክር ነው።

ለምን መሰለህ? ፍቅሩ ያለቀበት ሰው እንዲህ አይጽፍም። ፍቅሩ ያለቀበት ሰው መሳቢያውን ለእህቱ ልጅ ከፍቶ «እንካ ውሰደው» ይላል። አንተ እንዳይጫር ትሳሳለህ። በሳምንት አንዴ እጅህ ሄዶ ያነሳዋል። ያነሳኸውን 10 ደቂቃ ግን ከድሮው አራት ሰዓት ጋር ታስተያየዋለህ። ስታነሳው ደስታ ሳይሆን ዕዳ ይታይሃል። ያ ነው ያከረረህ።

እስቲ ወደ ኋላ እንመለስ። የመጀመሪያውን ዓመት አስታውስ። ዮዮው ታች ደርሶ ሳይመለስ፣ እዚያው እየተሽከረከረ ሲተኛ ያየህበት ቀን ትዝ ይልሃል? ከዚያ ውሻ ማንሸራሸር የሚሉት ትሪክ መጣ፣ ከዚያ ሕፃን ማወዛወዝ፣ ከዚያ ዮዮው እየተሽከረከረ ክሩ ላይ የሚያርፍበት ትራፒዝ። በየሳምንቱ አዲስ ነገር ነበር። ያ ዘመን እንደዚያ የሚጣፍጠው ምንም ስለማታውቅ ነው። ከዜሮ ወደ አንድ መሄድ አንድ ከሰዓት በኋላ ይበቃዋል። 10 ዓመት የወረወረ ሰው ግን አንድ ከባድ ትሪክ ለማጥራት ወራት ይፈጅበታል። ይህ የሁሉም ወርዋሪ ዕጣ ነው። እጅህ ደከመ ማለት አይደለም፤ የቀረው መንገድ ዳገት ሆነ ማለት ነው።

ቀጥሎ የዕቃው ዘመን ይመጣል። አንዱ አሉሚኒየም ከሌላው አሉሚኒየም፣ 64 ግራም ከ66 ግራም፣ ጠርዙ ላይ የብረት ቀለበት ያለው ከሌለው። ሌሊቱን ሙሉ በዚህ ስንከራከር እናድር ነበር። ከ31ዱ አብዛኞቹ የዚያ ዘመን ናቸው ብዬ እገምታለሁ። በዚህ አትጸጸት። እጅ ክብደትን የሚያውቀው በመያዝ ነው። ግን ያ ዘመን አልፏል። ያለፈ ዘመን ዕቃ ሁሉ አብሮህ መኖር የለበትም። ወደዚህ እመለሳለሁ።

ከዚያ ውድድር። ስለዚህ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ነገሩ ያለው እዚህ ይመስለኛል። ዳኞቹ በእጃቸው መቁጠሪያ ይዘው እንደሚቀመጡ ታውቃለህ። ነጥብ የሚያሰጥ ነገር ስትሠራ ጠቅ። ስትስት ጠቅ። ውድድር እጅን ይስላል፣ ይህን አልክድም። ፍጻሜ መድረስም ቀላል አይደለም፣ ኩራበት። ነገር ግን ያ ጠቅታ ከመድረክ ስትወርድ አብሮህ ይወርዳል። ማንም በሌለበት፣ ከሌሊት ፈረቃ ተመልሰህ ወጥ ቤት ቆመህ ስትወረውርም ይሰማሃል። ጠቅ፣ ሳትክ። ጠቅ፣ ያ ልጅ ይበልጥሃል። እኔ ላይ ይህ ድምፅ እስኪጠፋ ሦስት ዓመት ግድም ፈጅቷል። ሲጠፋ ግን ዮዮዬ ተመለሰልኝ።

ስለዚህ ለሁለተኛው ጥያቄህ መልሴ አጭር ነው። ሰዓት መድበህ አትግፋበት። በሽተኛ ስታገላብጥ ያደረች እጅ ናት። ሥራ ላይ ሥራ አትጨምርባት።

የ10 ደቂቃው ነገር ግን ያሳዘነኝ «ያውም» ብለህ ስለጻፍከው ነው። ሌሊት ሙሉ የሰው ሕመም ተሸክሞ ላደረ ሰው፣ ከመተኛቱ በፊት ክርና ሽክርክሪት ብቻ የሚያይበት 10 ደቂቃ ብዙ ነው። በእሷ ውስጥ አዲስ ነገር አትማር። አንድ የምታውቀውን አሮጌ ነገር አንሣ። ትራፒዝ ይሁን። ዮዮው ክሩ ላይ ሲያርፍ ድምፅ አለው? እንዳይኖረው አድርግ። ሳይጮህ፣ ክሩን ሳያነቃንቅ፣ ልክ ወፍ ሽቦ ላይ እንደምታርፈው። በ15 ዓመትህ ይህን መሥራት አትችልም ነበር። ያኔ የምትቸኩልበት ነበረህ። ዩቲዩብ ላይ ያሉት ልጆችም ገና አይችሉትም። ይህ የዓመታት ነገር ነው።

አሁን ደግሞ ስለ ዮዮ ራሱ ልንገርህ፣ ምክንያቱም እሱም እንዳንተ ስንት ጊዜ አልቆለታል ተብሏል።

ከፊሊፒንስ የመጣ ፔድሮ ፍሎሬስ የሚባል ሰው በ1928 ካሊፎርኒያ፣ ሳንታ ባርባራ ውስጥ የዮዮ ፋብሪካ ከፈተ። የሱ ዮዮ ክሩ ዘንጉ ላይ አይታሰርም፣ ዙሪያውን ይጠልቃል እንጂ። ታች ደርሶ መተኛት የቻለው ለዚህ ነው። የኛ ጨዋታ በሙሉ የቆመው በዚህች አንዲት አጠላለቅ ላይ ነው። ብዙም ሳይቆይ ዶናልድ ደንከን ድርጅቱን ገዛው። በ1932 ለንደን ላይ የዓለም ውድድር ተደረገና የ13 ዓመቱ ካናዳዊ ሃርቪ ሎው አሸነፈ። አንተ በጀመርክበት ዕድሜ ማለት ነው። ከዚያ ዓመታት አለፉና በ1965 የደንከን ኩባንያ ከሰረ። በዚያው ዓመት ፍርድ ቤት «ዮዮ» የሚለው ስም የማንም የብቻው አይደለም ብሎ ፈረደ።

አለቀ ተባለ። ግን የቀሩ ሰዎች ነበሩ። ከነሱ አንዱን በተለይ አንተ እንድታውቀው እፈልጋለሁ፣ የሕክምና ሰው ስለሆነ። ቶም ኩን ይባላል፣ የሳን ፍራንሲስኮ የጥርስ ሐኪም ነበር። በ1978 ተፈታቶ የሚገጠም የእንጨት ዮዮ ሠራ። በ1990 ደግሞ ኩሽኔታ ያለው የአሉሚኒየም ዮዮ አወጣ። ዛሬ መሳቢያህ ውስጥ ያሉት የብረት ዮዮዎች የዚያ ዘሮች ናቸው። ሙያውን አልጣለም፣ ዮዮውንም አልጣለም።

እኔን ያገኘኝ የ1998ቱ ግርግርም ከሁለት ዓመት አልዘለለም። ሱቆቹ ዮዮውን ከመደርደሪያ አወረዱት። ከክፍሌ ልጆች ያልተወው አንድ እኔ ነበርኩ ብል ማጋነን አይሆንም። ታዲያ የምንወደው ነገር ሁሉ የመጣው መቼ ነው? ሕዝቡ ከሄደ በኋላ ነው። የቀሩት ጥቂቶች በእጅ ሳብ ሲደረግ የማይመለስ ዮዮ ይዘው፣ በባይንድ፣ ማለትም የታጠፈ ክር ወደ መሃሉ አስገብተው እንዲይዘው በማድረግ እየመለሱ፣ ማንም ያላሰበውን የክር ጨዋታ አወጡ። ወርዋሪው ስቲቭ ብራውን ክሩን ከጣቱ ፈትቶ ጫፉ ላይ ክብደት ያሰረበት፣ 5ኤ የሚባለው አወራወር የተወለደው ግርግሩ ሊያበቃ ሲል፣ በ1999 ገደማ ነበር። ሰው ሁሉ ሲወረውር ሰው ሁሉ አንድ ዓይነት ነገር ነው የሚወረውረው። ጸጥ ሲል ነው እጅ የራሱን ነገር ማውጣት የሚጀምረው።

በአንድ ሰው ሕይወትም እንዲሁ ነው። ጀንትሪ ስታይን በ2014 ፕራግ ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። እንደገና ያሸነፈው በ2019 ክሊቭላንድ ላይ ነው። በመሃሉ አምስት ዓመት አለ። አንተ ሻምፒዮን ሁን ማለቴ አይደለም። ሁለት ዓመት አዲስ ትሪክ አለመማር መጨረሻ አይደለም ማለቴ ነው።

ወደ መሳቢያው ልመለስ። ሽጥ። አዎ፣ አብዛኛውን ሽጥ። ይህን የምልህ ግን እኔ ስለተሳሳትኩ ነው። በ2009 ሥራ ተቀይሮ ቤት ስንቀይር 19 ዮዮ በአንድ ካርቶን አድርጌ ለአንድ ሰብሳቢ ሸጥኩ። አልቆጠርኩም፣ አልመረጥኩም። በንዴት ነበር። ከዚያ ውስጥ 18ቱ አንድም ቀን ትዝ ብለውኝ አያውቁም። አንዱ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። ሰማያዊ ፕላስቲክ፣ ጠርዙ ላይ የትምህርት ቤቱ ደረጃ የላጠው ቦታ ነበረው። ኋላ ያንኑ ሞዴል ፈልጌ ገዛሁት። አዲስ ነው፣ ያምራል። ደረጃው የላጠው ቦታ ግን የለውም።

ያ የክፍልህ ልጅ የሰጠህ ፕላስቲክ ካለህ እሱን አትንካ። በውድድሩ ቀን እጅህ ላይ የነበረውንም አስቀር። ከዚያ ዓይንህን ጨፍነህ ብትይዘው የምታውቀውን አንዱን ጨምር። ሌላው ይሂድ። በአንድ ቀን አትሸጠው፣ ዋጋውም ይወድቅብሃል። ደግሞም ከሌሊት ፈረቃ በወጣህበት ጠዋት አትወስን። ሲደክምህ ሁሉም ነገር የሚሸጥ ይመስልሃል።

ከሚገኘው ገንዘብ ላይ ጥቂቱን ወስደህ አንድ የእንጨት ዮዮ ግዛ። ኩሽኔታ የሌለው፣ ክሩ እንጨቱን ዘንግ የሚነካው። ውድ አይደለም። የብረቱን የለመደ እጅ መጀመሪያ ይናደዳል፣ ምክንያቱም ጥሩ አድርገህ ብትወረውረው እንኳ የሚተኛው ለሴኮንዶች ነው። ብዙ ክር ልታጠላልፍበት አትችልም። ያለህ አንድ ውርወራ ነው፣ እሱን ማሳመር ብቻ ነው። እኔ በ30ዎቹ ዕድሜዬ እንደ አዲስ ጀማሪ የሆንኩት በዚህ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ጣዕም እንዳለ አልተመለሰልኝም፣ ግን የሚቀርበው መጣ። እንጨቱ ካልጣመህ 5ኤ ሞክር፣ ወይም በግራ እጅህ ወርውር። ዋናው ነገር እጅህ እንደገና ምንም የማያውቅበት ቦታ መድረሱ ነው።

እናትህ። «ዛሬም ከዚህ ነገር ጋር ነህ?» ሲሉህ ተቆጡ ብለህ አትውሰደው። እናት 27 ዓመት የሞላው ልጇን መጫወቻ ይዞ ስታይ የምታስበው ብዙ ነው። ትዳሩ አለ፣ እንቅልፉ አለ፣ ብቻውን መሆኑ አለ። ምናልባት የሚጠይቁህ ስለ ዮዮው ላይሆን ይችላል። አንድ ቀን ቡና ሲያፈሉ አጠገባቸው ቁጭ በልና የከረረ ክር አሳያቸው። «እማዬ፣ ይሄ ለምን እንዲህ ይሆናል?» በላቸው። እንዝርት የያዙ እናት ከሆኑ የሚነግሩህ ነገር አለ። ባይሆኑም የ14 ዓመቱን ነገር እንዲያዩት ጋበዝካቸው ማለት ነው። ከደብዳቤህ እንደገባኝ እስካሁን አንተ ብቻህን ስትወረውር ነው ያዩህ። አሳይተሃቸው አታውቅም።

የእህትህን ልጅ በመጨረሻ ያመጣሁት የሚቀል ስለሆነ አይደለም። መሳቢያውን ክፈትለት። ውዱን ብረት ስጠው አልልህም። እሱ ከባድ ነው፣ ለ8 ዓመት ልጅ ጣትና ግንባር አይሆንም፣ ደግሞም ያለ ባይንድ ስለማይመለስለት ተስፋ ያስቆርጠዋል። በሚቀጥለው እሑድ ሳብ ሲያደርገው የሚመለስለት ቀላል ፕላስቲክ ይዘህለት ሂድ። አንተ ያንተን ያዝ፣ እሱ የሱን። ሲጥለው ዝም በል። ሲወድቅ የሚሰማህን ድንጋጤ እሱ እንዳያየው። ያንን የመጀመሪያ ዮዮህንም አንዴ ያዝልኝ በለው። የተጫረውን ቦታ ሁሉ በጣቱ ይንካው፤ የቱ ከየት እንደመጣ ንገረው።

አንድ ነገር ብቻ አትርሳ። አዲስ ክር የሚመጣው ለአዋቂ ቁመት ነው። ለሱ ይረዝምበታል፣ ዮዮውም ወለል ይመታበታል። ዮዮውን እግሩ አጠገብ ወለሉ ላይ አስቀምጥ፣ ክሩን ወደ ላይ ቀጥ አድርገህ ያዝ፣ እምብርቱ ጋ ሲደርስ ቁረጥለት። ማጥለቂያውን ግን ራሱ ይሰር።